ቴም ስንቀይር የሠራነው እንዳይጠፋ፦ አጫጫን፣ ቻይልድ ቴም እና የግዕዝ ፎንት

ሰሌዳ፦

ሰላም ለቤቱ። በራሴ ሆስቲንግ ላይ ያለ የወርድፕረስ ብሎግ ቴሙን (የሳይቱን መልክና አቀማመጥ የሚወስነውን ጥቅል) ልቀይር ነውና ሦስት ነገር ላይ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ከሻጩ ያወረድኩትን ዚፕ በዳሽቦርድ አፕሎድ ሳደርገው «ፓኬጁ ሊጫን አልቻለም፣ የስታይል ፋይሉ የለም» ይላል። ሁለተኛ፣ ቀለሙን፣ ሄደሩን እና የጽሑፉን ፎንት መቀየር እፈልጋለሁ፤ ግን ቴሙ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ሥራዬ እንዳይፋቅ። ሦስተኛ፣ በሙከራ ሳይት ላይ ቻይልድ ቴም (በዋናው ቴም ላይ ተደርቦ የራስን ለውጥ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ቴም) ሠርቼ አክቲቬት ሳደርገው ሎጎው፣ ቀለሙና የሄደሩ ምስል ይጠፋሉ፤ ወደ ዋናው ቴም ስመልሰው ሁሉም እንደነበረ ይመጣል። ቴሙ ክላሲክ ነው፣ የብሎክ አይደለም። የምታውቁ ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ።

ኮድ ፈታይ፦

ሰላም ሰሌዳ። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። የሚሸጡ ቴሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚወርዱት ተጠቅልለው ነው። ቴሙ ራሱ፣ ቻይልድ ቴሙ፣ መመሪያው፣ የፈቃድ ጽሑፉ፣ አንዳንዴም የዴሞው ይዘት በአንድ ዚፕ ውስጥ ይታጨቃሉ። ወርድፕረስ ዚፑን ሲፈታ ደግሞ የስታይል ፋይሉን የሚፈልገው በመጀመሪያው ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ካጣው ያንን መልእክት ያወጣል። ጥቅሉን ኮምፒውተርህ ላይ ፍታውና ውስጡ ያለውን የቴሙን ዚፕ ብቻ፣ ሳትፈታው፣ አፕሎድ አድርግ።

ከዚያ «የተከተሉት ሊንክ ጊዜው አልፎበታል» የሚል መልእክት ከመጣ ከሊንክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፋይሉ ሰርቨሩ ከሚፈቅደው መጠን በልጧል ማለት ነው። ፒኤችፒ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ልክ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ ለአንድ ፖስት (የብሎግ ጽሑፍ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ወደ ሰርቨሩ የሚላከው ዳታ) በጠቅላላ 8 ሜጋባይት ነው። በሲፓነል (በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) የፒኤችፒ ቅንብር ውስጥ ሁለቱንም ወደ 64 ከፍ አድርጋቸው። የፋይሉን ልክ ብቻ ጨምረህ የፖስቱን ከተውከው ችግሩ አይለቅህም፤ ፋይሉ የሚያልፈው በፖስቱ ውስጥ ነውና የፖስቱ ልክ ከፋይሉ ማነስ የለበትም። ቅንብሩን የመንካት ፈቃድ ከሌለህ ዚፑን በፋይል ማናጀር ወደ ቴሞች ፎልደር ወስደህ እዚያው ፍታው፤ ውጤቱ አንድ ነው።

አክቲቬት ከማድረግህ በፊት ዳታቤዙንና የደብልዩፒ-ኮንቴንት ፎልደርን ባክአፕ ያዝ። የዊጀቶቹን (በጎን አሞሌና በፉተር የሚቀመጡትን ትንንሽ ክፍሎች) ገጽ በስክሪንሾት አስቀምጠው፤ አዲሱ ቴም የማያውቀው የጎን አሞሌ ላይ የነበሩ ዊጀቶች ወደ «ኢንአክቲቭ ዊጀትስ» ይወርዳሉ፣ አይሰረዙም፣ ግን የት እንደነበሩ ማስታወስ ያንተ ፈንታ ነው። በአሮጌው ቴም ሄደር ውስጥ በእጅ የገባ የጎብኚ መቁጠሪያ ኮድ ካለ አውጥተህ ያዘው። ጽሑፎችህ ውስጥ አሮጌው ቴም የሰጣቸው ሾርትኮዶች (በቅንፍ ተጽፈው ገጹ ላይ ሌላ ነገር የሚያወጡ አጫጭር ትእዛዞች) ካሉም አሁኑኑ ፈልጋቸው። ቴሙ ሲቀየር አንባቢው የሚያየው በማዕዘን ቅንፍ የታጠረ ባዶ ጽሑፍ ይሆናል።

የብራና ልጅ፦

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄህ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። አንድ ለውጥ ስታደርግ የት ላይ እንደተቀመጠ ካወቅህ ምን እንደሚያጠፋው ሳትጠይቅ ታውቀዋለህ።

በከስተማይዘር (ዳሽቦርድ ውስጥ መልኩን እያዩ በሚቀይሩበት ገጽ) የምትነካቸው ነገሮች፣ ማለትም ሎጎ፣ ቀለም፣ የሄደር ምስል፣ ፋይል ላይ አይጻፉም። ዳታቤዙ ውስጥ «ኦፕሽንስ» በሚባለው ቴብል፣ ስሙ በ«ቴም ሞድስ» ጀምሮ በቴሙ የፎልደር ስም በሚያልቅ አንድ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቻይልድ ቴም የራሱ ፎልደር አለው፤ ስለዚህ የራሱ አዲስ ባዶ ረድፍ ይከፈትለታል። ያንተ ሎጎ አልጠፋም፣ በዋናው ቴም ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነው። የቴሙን ፎልደር ስም መቀየርም በዚሁ ምክንያት ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል። አንዳንድ ቴሞች ግን ቅንብራቸውን በራሳቸው የተለየ ረድፍ ስለሚያስቀምጡ ቻይልድ ላይም ሳይነካ ይቀጥላል፤ አንዱ ጋ ጠፋ፣ ሌላው ጋ አልጠፋም የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀላሉ መንገድ ቻይልድ ቴሙን ከከስተማይዘር ሥራ በፊት ማዘጋጀት ነው። ከረፈደ ደግሞ በፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በሚከፍተው መሣሪያ) የዋናውን ረድፍ ዋጋ ሙሉውን ቀድተህ በቻይልዱ ረድፍ ላይ ለጥፈው። ስትለጥፍ አንዲት ፊደል እንዳትነካ። ጽሑፉ ውስጥ የምታያቸው ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ቃል ፊት የቃሉን ርዝመት በባይት የሚናገሩ ናቸው፤ «ቀይ» የሚለውን በ«አረንጓዴ» ተክተህ ቁጥሩን ከተውከው ረድፉ በሙሉ አይነበብም፣ ሁሉም ቅንብር ወደ መነሻው ይመለሳል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ በዓይን ቆጥሮ ማስተካከልም አያዋጣም።

አሁን ወደ ቻይልድ ቴሙ። ፎልደር፣ የስታይል ፋይል እና የፈንክሽንስ ፋይል ይበቁታል። በስታይል ፋይሉ አናት ላይ፣ በኮሜንት ውስጥ፣ ግዴታ የሆኑት መስመሮች «ቴም ኔም» እና «ቴምፕሌት» ናቸው። እዚህ በግዕዝ ብጽፋቸውም ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ቴምፕሌት ላይ የሚጻፈው የዋናው ቴም የፎልደር ስም እንጂ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ስም አይደለም። ለምሳሌ ትዌንቲ ትዌንቲ-ዋን ዳሽቦርድ ላይ በክፍተትና በሰረዝ ይጻፋል፤ ፎልደሩ ግን ያለ ክፍተት፣ ያለ ሰረዝ፣ ሁሉም በትንንሽ ፊደል ነው። እዚህ ላይ ከተሳሳትክ «ዋናው ቴም ጎድሏል» ይልሃል።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበት ቦታ አለ፤ የስታይሉ አጫጫን። አንዳንድ ዋና ቴሞች ስታይላቸውን የሚጠሩት «አሁን አክቲቭ የሆነው ቴም የስታይል ፋይል» በሚል ፈንክሽን ነው። ቻይልዱ አክቲቭ ሲሆን የሚጠራው ያንተ ባዶ ፋይል ይሆናል፤ ሳይቱ ልብሱ እንደተገፈፈ ሰው ራቁቱን ይቀራል። ያኔ የዋናውን ስታይል በቻይልዱ ፈንክሽንስ ፋይል ኢንኪው ማድረግ (ገጹ ሲከፈት እንዲጫን ማዘዝ) አለብህ። ሌሎቹ ደግሞ የራሳቸውን ፎልደር በቀጥታ ይጠራሉ፤ እነሱ ጋ ሳይቱ ደህና ይታያል፣ ያንተ ስታይል ግን አይጫንም፤ ኢንኪው የሚደረገው የቻይልዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የገጹን ሶርስ ክፈትና የስታይል ፋይሎቹን አድራሻ እይ። የየትኛው ፎልደር ስም እንደጎደለ ወዲያው ይታይሃል። ሁለቱንም በጭፍን ኢንኪው ማድረግ አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ያስጭናል፤ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል።

ፊደል ገበታ፦

የብራና ልጅ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለቀለምና ለፎንት ብቻ ከሆነ ቻይልድ ቴም አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከወርድፕረስ 4.7 ጀምሮ ከስተማይዘር ውስጥ «አዲሽናል ሲኤስኤስ» (የራስን የመልክ ትእዛዝ መጻፊያ ሳጥን) አለ። እዚያ የተጻፈው ዳታቤዝ ላይ ስለሚቀመጥ የቴም አፕዴት አይነካውም። ከቴሙ ስታይል በኋላ ስለሚጫንም እኩል ክብደት ካላቸው ትእዛዞች ያሸንፋል። ጉድለቱ ለአንድ ቴም ብቻ መሆኑ ነው፤ ቴም ስትቀይሩ አብሮ አይሄድም፣ ወደ ቻይልድ ስትዞሩም ባዶ ሆኖ ነው የምታገኙት። ከዚያ በፊት ቀድታችሁ በአንድ ፋይል ያዙት።

ቻይልድ ቴም የሚያስፈልገው የገጹን አጥንት ስትነኩ ነው፤ የሄደሩን ፋይል፣ የነጠላ ጽሑፉን ገጽ፣ የፉተሩን።

ማዕዘን፦

ከፊደል ገበታ ጋር እስማማለሁ፤ ሠላሳ መስመር ለማትሞላ ሲኤስኤስ ፎልደር መክፈት ትርፍ ድካም ነው።

የሄደሩን ፋይል ወደ ቻይልድ ስትቀዱ ግን ልብ በሉ። መጨረሻው አካባቢ፣ ሄድ ከመዘጋቱ በፊት፣ «ደብልዩፒ ሄድ» የሚባል ጥሪ አለ፤ ፉተሩ ውስጥ ደግሞ «ደብልዩፒ ፉተር»። ትርፍ መስሎ የሚታይ አንድ መስመር ነው፤ ሲሰረዝ ግን የፕለጊኖች ስክሪፕት አይጫንም፣ ሎግኢን ስታደርጉ ከላይ የሚታየው ጥቁር አሞሌ ይጠፋል፣ የኮንታክት ፎርም አይሠራም። ከሄደር ለውጥ በኋላ አሞሌው ከጠፋ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ነው።

የተቀዳ ፋይል ሌላም ዕዳ አለው። ዋናው ቴም አፕዴት ሲደረግ ቅጂያችሁ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። የተስተካከለ የደኅንነት ክፍተት ቢኖር እናንተ ጋ አይስተካከልም። ስለዚህ የምትቀዱት በእርግጥ የምትለውጡትን ፋይል ብቻ ይሁን፤ ከተቻለ ደግሞ ፋይል ከመቅዳት በፊት ቴሙ የሚሰጠው ሁክ (ፋይሉን ሳይነኩ የራስን ኮድ ማስገቢያ ቦታ) እንዳለ መመሪያው ላይ ፈልጉ። በሁክ የተጨመረ ነገር አፕዴቱን አልፎ ይኖራል።

ሰሌዳ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዚፑ ተጭኗል፣ ሎጎውም ረድፉን ስቀዳ ተመልሷል። አሁን የመጣው ሌላ ነው፤ የዋናውን የፈንክሽንስ ፋይል ወደ ቻይልዱ እንደገለበጥኩ «በዚህ ሳይት ላይ ከባድ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ብቻ ይታያል። ዳሽቦርዱም አይከፈትም።

ማዕዘን፦

ሌላው ፋይል ሁሉ ቻይልዱ ውስጥ ሲኖር የዋናውን ይተካል፤ የፈንክሽንስ ፋይል ግን አይተካም። ሁለቱም ይጫናሉ፣ የቻይልዱ ቀድሞ። ሙሉውን ስትገለብጠው አንድ ስም ያለው ፈንክሽን ሁለት ጊዜ ይታወጃል፤ ፒኤችፒ ይህንን አይፈቅድምና እዚያው ይቆማል። ቻይልዱ ላይ የሚኖረው የምትጨምረው ብቻ ነው።

ለማዳን መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን ኢሜይል ክፈት። ከ5.2 ጀምሮ ወርድፕረስ እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመው የመመለሻ ሊንክ ይልካል፤ በእሱ ከገባህ ችግር የፈጠረው ቴም ለአንተ ብቻ ቆሞ ዳሽቦርዱ ይከፈታል። ኢሜይሉ ካልደረሰ በፋይል ማናጀር ግባና የቻይልዱን የፈንክሽንስ ፋይል ስሙን ቀይረው። ሳይቱ ወዲያው ይመለሳል፣ ፋይሉን በእርጋታ ታጸዳዋለህ። የትኛው መስመር እንደሆነ ካልታወቀህ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ዲበግንና የዲበግ ሎግን (የስህተት መዝገቡን) ክፈታቸው፤ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር ደብልዩፒ-ኮንቴንት ውስጥ በሚፈጠረው የሎግ ፋይል ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ስትጨርስ መልሰህ ዝጋቸው፣ የሎግ ፋይሉንም አጥፋው፤ አድራሻውን የሚያውቅ ማንም ሊያነበው ይችላል።

ከወርድፕረስ ጋር ከሚመጡት ነባር ቴሞች አንዱን ሁልጊዜ ተጭኖ አቆየው። አክቲቭ የሆነው ቴም ፎልደሩ ሲጠፋ የቴሞችን ገጽ ስትከፍት ወደ ነባሩ ይዞራል፤ ነባሩንም ቦታ ይይዛል ብለህ ከሰረዝከው የሚዞርበት የለውም።

ፊደል ገበታ፦

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፣ ፎንት። የቴም ዴሞ የሚያምረው ሲሠራ በላቲን ፊደል ተለክቶ ስለተሠራ ነው። በአማርኛ ስንጽፍበት ቴሙ የሚጠራው ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን ከአንባቢው መሣሪያ ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። እናንተ ስልክ ላይ ያስተካከላችሁት ገጽ ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልክ የሚይዘው ለዚህ ነው። መልኩ አንድ እንዲሆን ከተፈለገ ፎንቱን አብሮ መላክ ያስፈልጋል።

ለአካል ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ ለርእስና ለሜኑ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደህና ጥምረት ናቸው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ብዙ ውፍረትም አላቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለዓይን የሚያርፍ ውብ ፎንት ነው፣ ግን ውፍረቱ አንድ ብቻ ስለሆነ በደማቅ ርእስ ላይ ብራውዘሩ ራሱ ያወፍረዋል፤ የ«ጨ» እና የ«ጠ» ውስጥ ክፍተቶች ይደፈናሉ። ለርእስ አትጠቀሙበት። በሌሎቹም ቢሆን 400 ውፍረትን ብቻ ጭናችሁ 700 የምትጠሩ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

በፎንት ዝርዝሩ ውስጥ የላቲኑን አስቀድሙ፣ የግዕዙን አስከትሉ። ብራውዘሩ በየፊደሉ ስለሚመርጥ እንግሊዝኛው በላቲኑ፣ አማርኛው በግዕዙ ይወጣል። ፎንቱን ከራሳችሁ ሰርቨር የምታቀርቡ ከሆነ ወደ ዎፍ2 (ለድረ ገጽ ወደተጨመቀ የፎንት ፋይል) ቀይሩትና የዩኒኮድ-ሬንጁን (ፎንቱ የሚያገለግላቸውን ፊደላት ክልል) ከ1200 እስከ 137ኤፍ ገድቡት፤ አማርኛ የሌለበት ገጽ ፎንቱን ጨርሶ አያወርድም።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። የቴሞች ላይን-ሃይት (የመስመር ቁመት) ብዙ ጊዜ 1.5 ገደማ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው፣ እንደ ላቲን ትንንሽ ፊደል ክፍት ቦታ አይተውም፤ 1.8 ስታደርጉት ገጹ ይተነፍሳል። የአካል ጽሑፉ ከ18 ፒክሰል ባያንስ ይመረጣል። ብዙ ዘመናዊ ቴሞች ትልልቅ ርእሶች ላይ ሌተር-ስፔሲንጉን (በፊደሎች መካከል ያለውን ክፍተት) ከዜሮ በታች ያደርጉታል፤ ለላቲን ያምራል፣ «ሐመልማል» ላይ ግን ፊደሎቹ ይነካካሉ። ዜሮ አድርጉት። ኢታሊክም እንዲሁ። የእኛ ፊደል የራሱ ኢታሊክ የለውም፤ ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ጎትቶ ያጋድለዋል፣ ሲነበብ ያደክማል። ጥቅስና አጽንዖት ላይ ኢታሊኩን አጥፍታችሁ ከመካከለኛ ውፍረት ወይም ከተለየ ቀለም አንዱን ስጡት።

ቀለም ካነሳን፣ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ የብዙ ቴሞች ፋሽን ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ንጽጽር ይጠይቃል። ፀሐይ ላይ ስልክ ይዞ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አዲስ ገጽ፦

ሰላም። እኔ ጋ የብሎክ ቴም (ገጾቹ በሙሉ በብሎክ የሚገነቡ) ነው። የነጠላ ጽሑፍ ቴምፕሌቱን በፋይሉ ላይ አስተካክዬ አስቀምጫለሁ፤ ሳይቱ ላይ ግን ምንም አይለወጥም። ካሹን (ለፍጥነት የተቀመጠውን የቆየ ቅጂ) አጽድቻለሁ፣ በሌላ ብራውዘርም ያው ነው። አፒራንስ ውስጥ ከስተማይዘርም አይታየኝም።

የብራና ልጅ፦

ካሽ አይደለም። የብሎክ ቴም በ5.9፣ በ2022፣ ወደ ወርድፕረስ ሲገባ ዋናው ልዩነት ይህ ነበር፤ ቴምፕሌቱን በሳይት ኤዲተር አንዴ ከነካኸው የተስተካከለው ቅጂ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ወርድፕረስ ፋይሉን ትቶ ቅጂውን ነው የሚያሳየው። ፋይሉን መቶ ጊዜ ብታርመው አይታይም። ሳይት ኤዲተር ውስጥ የቴምፕሌቶቹን ዝርዝር ክፈትና የዚያን ቴምፕሌት ሦስት ነጥብ ተጫን፤ «ሪሴት» የሚል ካለ ቅጂ አለ ማለት ነው። ሪሴት ስታደርገው ፋይሉ ይነግሣል። በኤዲተሩ የሠራኸው ግን አብሮ ይሄዳልና መጀመሪያ የብሎኮቹን ኮድ ቀድተህ ያዝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ፦ ወይ በኤዲተር ሥራ፣ ወይ በፋይል። ሁለቱን ማፈራረቅ ማለቂያ የለውም።

ከስተማይዘሩ የጠፋው ቴሙ ስለማያስፈልገው ነው፤ የሚፈልገው ፕለጊን ካለ ግን ይታያል። ተጨማሪ ሲኤስኤስ ከ6.2 ጀምሮ በሳይት ኤዲተር ስታይልስ ውስጥ፣ በሦስቱ ነጥቦች ሥር ይገኛል። ከ6.5 ጀምሮ ደግሞ የፎንት ላይብረሪ ስላለ ፊደል ገበታ የጠቀሰቻቸውን ፎንቶች ያለ ኮድ እዚያው መጫን ትችላለህ።

ኮድ ፈታይ፦

በክላሲክ ቴም ላይ ለውጡ አልታይ ካለ ግን ካሹን መጠርጠር ተገቢ ነው። የስታይል ፋይሉን ኢንኪው ስታደርጉ የቨርዥን ቦታ ላይ የፋይሉን የመጨረሻ እርማት ሰዓት የሚያነበውን የፒኤችፒ ፈንክሽን አስገቡ። ፋይሉ በተነካ ቁጥር የአድራሻው ጅራት ይቀየራል፤ የአንባቢው ብራውዘር አዲሱን ለማውረድ ይገደዳል። እናንተ በግድ ሪፍሬሽ አድርጋችሁ አዲሱን እያያችሁ አንባቢ አሮጌውን የሚያይበት ጉዳይ በዚህ ያበቃል።

ገጸ በረከት፦

ብሎገር ለሚጠቀም ሰውስ ከዚህ የሚሠራ አለ?

ኮድ ፈታይ፦

ፎንቱና ቀለሙ በሙሉ ይሠራል፣ ቻይልድ ቴም ግን ብሎገር ላይ የለም። ቴሙ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ዚፕ ሆኖ ካወረድከው ፈትተህ የኤክስኤምኤሉን ብቻ ታስገባለህ። ቴም በሚለው ገጽ «ከስተማይዝ» አጠገብ ያለውን ቀስት ተጫንና መጀመሪያ «ባክአፕ»፣ ከዚያ «ሪስቶር»። አዲሱ ፋይል የማያውቃቸው ጋጄቶች (የብሎገር ዊጀቶች) ከነይዘታቸው ሊሰረዙ ስለሚችሉ የኤችቲኤምኤል ጋጄቶችህን ጽሑፍ ለብቻ ቀድተህ አስቀምጥ። ቴሙን በእጅ ስታርም አንድ ያልተዘጋ ታግ ወይም ያልተቀየረ የ«&» ምልክት ካለ ኤክስኤምኤሉ አይቀመጥልህም፤ የስህተቱን መስመር ቁጥር ይነግርሃል፣ ከዚያ በላይ ያለውንም መስመር ፈትሽ።

ማዕዘን፦

አንድ ማሳሰቢያ ለሁሉም። የሚሸጥ ቴም በነጻ የሚያድሉ ገጾች አሉ። ከእነሱ የሚወጣው ፋይል ውስጥ፣ በተለይ ፈንክሽንስና ፉተር ላይ፣ በቤዝ64 (ኮድን ወደ ማይነበቡ ፊደላት በሚቀይር አጻጻፍ) የተቋጠረ የማይነበብ ረጅም ጽሑፍ ካያችሁ አትጫኑት። የተደበቁ ሊንኮችን ወይም ሰርቨሩን ለሌላ የሚከፍት ኮድ የሚይዝበት ቦታ ይኸው ነው። አፕዴትም አያገኝም። በወርድፕረስ የራሱ ማውጫ ላይ ያሉት ነጻ ቴሞች የሚገቡት ተገምግመው ስለሆነ አቅም የሌለው ሰው ከዚያ ቢመርጥ እጅግ ይሻላል።

ሰሌዳ፦

ሁሉም ተስተካክሏል፣ ተባረኩ። የቀረኝ አንድ ነው፤ የፊት ገጹ ላይ የአሮጌ ጽሑፎች ምስል ደብዝዞ ይታያል፣ ገሚሱም ተቆርጧል። አዲስ የምጭነው ግን ጥርት ያለ ነው።

የብራና ልጅ፦

ወርድፕረስ ምስልን በተለያየ መጠን የሚቆራርጠው አፕሎድ በተደረገበት ቅጽበት፣ በዚያን ጊዜ አክቲቭ የነበረው ቴም ባዘዘው ልክ ነው። አዲሱ ቴም ለምሳሌ 800 በ450 ቢፈልግ የድሮ ምስሎች በዚያ ልክ የላቸውም፤ በዚያው የመጠን ስም በአሮጌው ቴም ልክ የተቆረጠ ካለ እሱ ይወሰድና ይለጠጣል። በደብልዩፒ-ሲኤልአይ (ወርድፕረስን በትእዛዝ መስመር ማስተዳደሪያ) የሚዲያ ሪጀነሬት ትእዛዙን ማስኬድ ወይም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ፕለጊን መጫን ይበቃል። ብዙ ምስል ካለህ ሆስቲንጉ በመካከል እንዳያቋርጠው በየክፍሉ አስኬደው፣ የዲስክ ቦታህንም አስቀድመህ እይ። መነሻው ምስል ራሱ ከሚፈለገው መጠን ካነሰ ወርድፕረስ አሳድጎ አይቆርጠውምና እነዚያን በአዲስ መተካት ነው ያለው።

ፕለጊኑ «የማያስፈልጉ አሮጌ መጠኖችን አጥፋ» የሚል ምርጫ ሊሰጥህ ይችላል፤ ምልክት አታድርግበት። የድሮ ጽሑፎችህ ውስጥ የገቡት ምስሎች አድራሻቸው ከነመጠናቸው፣ ለምሳሌ በ300 በ200፣ ጽሑፉ ላይ ተጽፎ ነው ያለው። ፋይሉ ሲጠፋ በየጽሑፉ መሀል የተሰበረ ምስል ይቀራል።